የጉድጓዱ ጥያቄ ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ

የአማራ ክልል ምክር ቤት ጉባኤ በአሚኮ (በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ሲተላለፍ ሪፖርቱን በትዕግሥት አሳልፈዋለሁ፤ የምጠብቀው ጥያቄና መልሱን ነው። ሪፖርቱ ከዓመት ዓመት ብዙም አይራራቅም። የተተከለው ችግኝ፣ በኩታ ገጠም የታረሰው መሬት፣ የተሰበሰበው ገቢ፣ የተመረቀው ግንባታ ተራ በተራ ይነበባል። የምክር ቤት አባላት እጅ ማውጣት ሲጀምሩ ግን ነገሩ ነፍስ ይዘራል፤ ቆቦ፣ ደላንታ፣ ወረኢሉ፣ ቃሉ፣ ሰቆጣ የሚሉ ስሞች አዳራሹ ውስጥ ይሰማሉ። እነዚያ ሰዎች የሆነ አገር ሕዝብ ልኳቸው እንደመጡ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ርዕሰ መስተዳድሩ መልስ ለመስጠት ይነሣሉ፤ የቦታ ስሞቹም ወዲያው ይጠፋሉ። ስለ አንድ ቀበሌ ለጠየቀው ሰው ስለ መላው ክልል ይመለስለታል።

እኔ የማምነው ይህን ነው፤ አንድ የሕዝብ ተወካይ ቦታ ጠርቶ ከጠየቀ፣ የክልሉ መሪም ቦታውን ጠርቶ፣ ሥራው በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ ተናግሮ መመለስ አለበት። ሥራው የማይሠራ ከሆነም «ዘንድሮ አይሠራም፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ይበል። ሕዝባችን ቁርጡ ሲነገረው የሚያኮርፍ ሕዝብ አይደለም። ቁርጡን ያወቀ ገበሬ አህያ ይገዛል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ ልጁን ከተማ ካለ ዘመድ ጋ ያስጠጋል። የሚጎዳው እንጥልጥል ነው።

አክስቴ ከመርሳ ዝቅ ብሎ ባለ የሐብሩ ቆላ ነው የሚኖሩት። ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል፣ ግን በበጋ ውኃው የሚሸሽ አገር ነው። ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የብረት ቧንቧው ከመሬት ብቅ ብሎ አፉ በክዳን ተበይዷል፤ ከጎኑ በድንጋይ መሠረት ላይ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ የሲሚንቶ ቦኖ ቆሟል። ቦኖው ላይ የቧንቧ መክፈቻዎቹ ቦታ አለ፣ መክፈቻዎቹ ግን አልተገጠሙም። ልጆች ከዚያች ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ፍየል ይጠብቃሉ። ፓምፑ እንዲሠራ የመብራት መስመር መምጣት አለበት፤ መስመሩ እስኪመጣ ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። ሴቶቹ አሁንም ጀሪካን በአህያ ጭነው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ይወርዳሉ፤ አህያ የሌላት ጀርባዋ ላይ አዝላ ትወጣለች።

በአንዱ ዓመት ጉባኤው ካለፈ በኋላ እሳቸው ጋ ሄጄ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ እጣኑ ጨሶ፣ አቦሉ ሲቀዳ ይህ ወሬ ተነሣ።

«ውኃውን አነሡት?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ የእናንተ ተወካይ አንሥቷል።»

«እሰይ። መሪውስ ምን አሉ?»

የክልሉ የንጹሕ መጠጥ ውኃ ሽፋን ከአምናው በዚህን ያህል በመቶ ከፍ ማለቱን ነገርኳቸው። ሲኒውን አቀበሉኝና ትንሽ አሰብ አደረጉ።

«ለሁሉም አላህ ይጨምርለት» አሉ። «የእኛውስ?»

ለዚህች ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ባሕር ዳር የተሰጠው መልስ ውስጥ ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። የተነገረው በመቶኛ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የውኃ ሽፋን የሚሰላበት የራሱ መለኪያ አለው። ከ2008 እስከ 2012 በነበረው በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያው ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከመኖሪያው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነበር። ስንት ተቋም ተሠራ፣ አንዱ ተቋም ለስንት ሰው ይበቃል ተብሎ ተባዝቶ ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ወረዳ ውስጥ ውኃ የሚጠጣው ሰው ሲጨምር፣ በዚያው ወረዳ ያሉት የአክስቴ ጎረቤቶች ደግሞ ከወንዝ ሊቀዱ ይችላሉ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ችግሩ የመጀመሪያው እውነት ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሆኖ መቅረቡ ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ በአንድ ጀንበር የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ቁፋሮው አለ፣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ማልበሱ አለ፣ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥ መሞከሩ አለ፣ ፓምፑ አለ፣ ማጠራቀሚያው አለ፣ መስመር ዝርጋታው አለ፣ ቦኖው አለ። ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር ከሆነ ናፍጣ የሚገዛ ያስፈልጋል፤ በመብራት ከሆነ ትራንስፎርመር፤ በፀሐይ ከሆነ ሰሌዳና ጠባቂ። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ጨረታ፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ተቋራጭ ሊኖረው ይችላል፤ በየራሱ ዓመት ሪፖርት ውስጥም ሊገባ ይችላል። ለሪፖርቱ ስድስቱ ደረጃ ሲያልቅ ትልቅ ነገር ነው። ለምትቀዳ ሴት ግን ሰባተኛው እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልተሠራም። ለዚህ ነው ተወካዩ «ስንት ተቆፈረ?» ብሎ ሳይሆን «ከተቆፈሩት ውስጥ ውኃ እየሰጠ ያለው የትኛው ነው፣ የማይሰጠውስ የቱ ጋ ቆመ?» ብሎ ቢጠይቅ የምመርጠው።

የመብራቱ ነገር ሌላ ትልቅ ጉዳይ ይዞ ይመጣል። በእኛ አገር አሠራር የገጠር ውኃ ግንባታ በዋናነት የክልልና የወረዳ ሥራ ሲሆን የኤሌክትሪክ ስርጭት ግን የፌዴራል ተቋም ሥራ ነው። ጉድጓዱ በአንድ በጀት፣ ሽቦው በሌላ በጀት ይመጣል ማለት ነው። ሁለቱ በዕቅድ ካልተገናኙ ውኃው ከመሬት በታች እንዳለ ይቀራል። በራያ ቆቦና በሐብሩ ለሚገኘው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት፣ በከርሰ ምድር ውኃ ለሚያለማ ገበሬ፣ ይህ የኃይል ጉዳይ የእህሉ ጉዳይ ነው። ፓምፑ ለጥቂት ሳምንት ቢቆም ሽንኩርቱ አይጠብቅም።

ወሎ ውስጥ ሰው በየቀኑ የሚያነሣቸው ብዙዎቹ ፕሮጀክቶችም እንዲሁ የክልሉ አይደሉም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባቡር መስመር የፌዴራል ነው፤ ግንባታውን ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ይዞት፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ሄዱ። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፌዴራል ነው። ደረቅ ወደቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ዋና ዋናዎቹ የአስፋልት መንገዶች፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም እንዲሁ። የክልሉ የሚባሉት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የገጠር መንገዶች፣ የመጠጥ ውኃና የመስኖ ሥራዎች ናቸው። ቀበሌ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ክፍፍል አይታየውም፤ እንዲታየውም አይጠበቅበትም። ለእሱ መንግሥት አንድ ነው።

ርዕሰ መስተዳድር «ይህ የፌዴራል ነው» ሲሉ እውነት ተናግረዋል። ግን መልሱ እዚያ ላይ ሊያልቅ አይገባውም። ክልሉ የዚህ ሕዝብ መንግሥት ነው፤ ለፌዴራል መንግሥት የመጻፍ፣ የመጠየቅ፣ የመወትወት አቅሙ ከአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ይበልጣል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት፤ «ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በዚህ ወር ጽፈናል፣ የተሰጠን መልስ ይህ ነው፣ እኛ በበኩላችን ይህን እናደርጋለን።» እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ ወሎዬ ሲያማርር አላየሁም። «እሺ፣ ሞክረዋል» ብሎ ይሄዳል።

ፍትሐዊ ለመሆን የመሪዎቹንም ጭንቅ ማየት አለብኝ። ክልል ገንዘብ የሚያገኘው ከራሱ ገቢና ከፌዴራል ድጎማ ነው፤ የድጎማው ቀመር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ወደ ወረዳ ከሚወርደው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ከተከፈላቸው በኋላ ለቧንቧና ለሲሚንቶ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ተቋራጩ ሥራውን የወሰደበት ዋጋና ሥራውን የሚሠራበት ዋጋ ደግሞ አይገናኙም፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ፓምፕና ኬብል ምን ላይ እንደወጣ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጦርነቱ አለ። በ2014 መጀመሪያ ወራት ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ያለው የወሎ ምድር የጦር ሜዳ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ ኅዳር 27 ተመለሱ። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የደሴው ሆስፒታል ለሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ሁሉ የመጨረሻ መድረሻ ሆኖ ሳለ ባዶውን ቀረ። ትምህርት ቤት፣ የወረዳ ቢሮ፣ የመብራት መስመር፣ የውኃ ፓምፕ፣ ምን ያልተነካ አለ? ያ ቁስል ሳይሽር በ2015 መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ተቋራጭ ማሽኑን ይዞ ወጣ፣ መሐንዲስ ሳይት መሄድ ፈራ፣ ስንት ትምህርት ቤት በሩ ተዘጋ። ይህን ሁሉ እያየ «ለምን አልተሠራም?» ብሎ ብቻ የሚጮህ ሰው ልክ አይመስለኝም።

ግን ጸጥታው ምክንያት መሆኑን የምቀበለው ቦታ ተጠርቶ ሲነገረኝ ነው። መኪና በሰላም የሚመላለስበት፣ ገበያው የሚቆምበት፣ ግብር የሚሰበሰብበት ቀበሌ ውስጥ የቆመ ሥራ ሁሉ በአንድነት «በጸጥታው ምክንያት» ከተባለ፣ በእውነት በጸጥታ ችግር የቆመው ሥራና በቸልተኝነት የቆመው ሥራ አብረው ይደበቃሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰው የሞተበትን ነገር ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ብዙ ሰው ሲያነሣው አልሰማም። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ክልሉን የመሩትን ሰዎች እንቁጠር። ገዱ አንዳርጋቸው የካቲት 2011 ላይ ለቀቁ። አምባቸው መኮንን በቦታቸው ተተኩ፤ በሰኔ 15 2011 ባሕር ዳር ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፣ ነፍስ ይማር። ተመስገን ጥሩነህ መጡ፤ ከእሳቸው በኋላ አገኘሁ ተሻገር፣ ቀጥሎ ይልቃል ከፋለ፣ ከዚያ በነሐሴ 2015 አረጋ ከበደ። በአራት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ስድስት ሰው። ጥልቅ ጉድጓድ ከጥናት እስከ ቦኖ ሦስት ዓመት ቢፈጅ፣ ያጠናው፣ ያስጀመረው፣ ቃል የገባውና የተጠየቀው መሪ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። አዲሱ መሪ አምና በዚያ መድረክ ላይ ምን ቃል እንደተገባ በቃሉ ሊያውቅ አይችልም። ቃሉ መጻፍ አለበት፤ ለሰው ሳይሆን ለወንበሩ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ጉባኤው ሲከፈት መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አምና እነዚህ ጥያቄዎች ተነሡ፣ እነዚህ መልሶች ተሰጡ፣ ከመልሶቹ ይህ ተፈጸመ፣ ይህ አልተፈጸመም። የዓመቱ ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ወሎ ላይ ሆኖ ስለ ጥያቄና መልስ ሲያስብ 1965ን የማያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዚያ ዘመን ረሃብ በድርቅ ብቻ አልነበረም ሰው የጨረሰው። ከታች ያዩ ሰዎች ነበሩ፣ ለበላይ ጽፈው ያሳወቁም ነበሩ፤ ላይ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስም ሲባል ነገሩ ተሸፈነ። ወሎዬ በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ ዓለም የሰማው በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የወሎ ረሃብ ነበር። ማን መቼ ዐወቀ? ለማን አሳወቀ? የተነገረውስ ሰው ምን አደረገ? ጥያቄዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የተጠየቁት ግን ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። ምክር ቤት የሚባል ነገር ያስፈለገን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሰው በሕይወት እያለ የሚጠይቅ እንዲኖር ነው። በ1977ም ወሎ ያንኑ ቀምሷል። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «እዚህ ቀበሌ ዝናቡ ቀርቷል፣ የሴፍቲኔት እህሉ አልደረሰም» ሲል፣ ሰዓት ስለሞላ ቢባል እንኳ ያ ጥያቄ ሳይመለስ ሲታለፍ እደነግጣለሁ። ለሌላው አገር የአሠራር ጉድለት የሆነው ነገር ለእኛ የአያቶቻችን ነገር ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ ኃላፊና ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም እዚያው አለ። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ያደርገዋል፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጋው ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ይላል። አቅም ስንት ፈቀደ፣ የፈቀደውስ የት ገባ ብሎ መጠየቅ የምክር ቤቱ ሥራ ነው። የኦዲት ሪፖርትም ለዚሁ ምክር ቤት ይቀርባል። መሣሪያው አለ።

እንዴት እንደሚመለስ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅሬያችንን፣ ማለትም እድራችንን፣ ማየት ይበቃል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በሚቀባበሩበት በእኛ ሰፈር ቅሬ፣ የዓመቱ ሒሳብ በሚሰማበት ቀን ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል፣ ዳኛው ይቆማሉ። አንዴ አንዲት እናት ተነሥተው «የቅሬው አግዳሚ ወንበር ሁለት ጎድሏል፣ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ዳኛው የቅሬው ንብረት ካለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደጨመረ አላወሩም። ደብተሩን አስገለጡ። ወንበሮቹ ከየትኛው ለቅሶ እንዳልተመለሱ፣ ማን ተረክቧቸው እንደነበር በስም ተነበበ። ተረካቢውም እዚያው ነበርና ተነሥቶ አንዱ እግሩ ተሰብሮ አናጢ ጋ መሆኑን፣ ሌላውን ለእሑድ እንደሚያመጣ ተናገረ። እናትየው «እሺ፣ ይባርክህ» ብለው ተቀመጡ። ለሁለት አግዳሚ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለጤና ጣቢያ፣ ለድልድይ፣ ለትምህርት ቤት ከዚያ ያነሰ መልስ ሊሰጠው አይገባም።

አሁን ደግሞ ስለ ጉባኤው ጥድፊያ ላንሣ፤ ጥፋቱን ሁሉ መልስ ሰጪው ላይ መጫን አልፈልግም። ከደሴ የሚነሣ ተመራጭ ባሕር ዳር ለመድረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ወልድያ ይጓዛል፤ ከዚያ ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይደርሳል። መንገዱ የሚያሠጋ ሲሆን ደግሞ በአዲስ አበባ ዞሮ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። ያን ሁሉ ተጉዞ የሚሰጠው የመናገሪያ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ሊያስገባ ይሞክራል፤ መንገዱን፣ ውኃውን፣ መብራቱን፣ ማዳበሪያውን፣ የሥራ አጡን ወጣት ነገር፣ የኑሮ ውድነቱን፣ የደመወዝ መዘግየቱን በአንድ ትንፋሽ ይደረድረዋል። የብዙ ሰው ጥያቄ ከተሰበሰበ በኋላ መልሱ በጥቅል ይሰጣል። በዚህ መካከል የትኛው ጥያቄ ተመለሰ፣ የትኛው ታለፈ ብሎ የሚከታተል የለም። ርዕሰ መስተዳድሩም ከተደራረበው ውስጥ ለመመለስ የሚመቸውን ቢመርጡ ማን ይዟቸው?

ሰባት ጥያቄ የጠየቀ ሰው ያልጠየቀ ያህል ነው የሚሆንበት። አንድ ጠይቆ፣ የተጠየቀው ካልተመለሰ ተነሥቶ «የእኔ ጥያቄ አልተመለሰም» የሚል ተወካይ ግን ወረዳውን አስከብሯል። ከአጎራባች ወረዳዎች የመጡ ተወካዮች ተነጋግረው ቢከፋፈሉት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። የቆላው ሰው ውኃውን ይያዝ፣ የደጋው ሰው መንገዱን፣ የከተማው ተመራጭ ሆስፒታሉን። ከጉባኤው አስቀድሞ በጽሑፍ ገብቶ በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄም ቢለመድ ብዙ ነገር ይቀልላል፤ መሪው ስለ እያንዳንዱ ቦኖ በቃሉ እንዲያውቅ ማንም አይጠብቅም፣ ቢሮው ግን ማወቅ አለበት። ቦታው፣ ያለበት ደረጃ፣ የተያዘለት ገንዘብ፣ ኃላፊው፣ የሚጠናቀቅበት ወር፤ ይህ አንድ ገጽ አይሞላም።

የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ያንን አዋጅ ይዞ ወረዳ ቢሮ የሚሄድ ገበሬ አላየሁም፤ እኛ ፊደል የቆጠርነው ልጆቹ ግን ልንሄድለት እንችላለን። ሁልጊዜ ከላይ እስኪመጣ መጠበቅም ልክ አይደለም።

ተወካዮቹም ጉባኤው ሲያልቅ ወደ መራጮቻቸው መመለስ አለባቸው። አንዳንዶቹ ይመለሳሉ፤ መንገዱ ክፉ በሆነበት በዚህ ዘመን እግራቸው እስኪዝል የሚዞሩ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ሊመሰገኑ ይገባል። ሲመለሱ ግን ይዘው የሚመጡት «ጥያቄያችሁን አቅርበናል» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ገበያ በሚውልበት ቀን፣ ሰው በብዛት በተሰበሰበበት፣ ምን ጠይቄ ምን ተመለሰልኝ ብሎ ያንብብ። ያልተመለሰለትንም ይናገር። መልሱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችለው ልጁን ጠርቶ ያስነብባል።

ለሚቀጥለው ጉባኤ ለአክስቴ ወረዳ ተወካይ የምልከውን ጥያቄ ከቀበሌው ወጣቶች ጋር ሆነን ጽፈነዋል። አራት መስመር ነው። ጉድጓዱ የትኛው ቀበሌ ውስጥ እንዳለና በምን ደረጃ ላይ እንደቆመ ይናገራል፤ ለመብራት መስመሩ ለሚመለከተው አካል ተጽፎ እንደሆነና መቼ እንደተጻፈ ይጠይቃል፤ መስመሩ ዘንድሮ የማይመጣ ከሆነ በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ በጀት ይያዝለት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሥራው ኃላፊ ማን እንደሆነ በኃላፊነት ስሙ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ከሥሩ ቅሬው ማኅተሙን አድርጎበታል። መልሱ ሲመጣ እዚሁ ላይ ቃል በቃል አወጣዋለሁ፤ ካልመጣም አለመምጣቱን እጽፋለሁ።